ቴምፐሪንግ፦ የተነከረ ብረት ለምን ተመልሶ ይሞቃል?

ከአንድ ዘንግ የተቆረጡ ሁለት የድንጋይ መሮዎች አሉ እንበል። አንዱ በመጀመሪያዎቹ የመዶሻ ምቶች ጫፉ ተሸርፎ ይወድቃል። ሌላው አይሰበርም፤ ግን ግማሽ ቀን ሳይሠራበት ጫፉ ደንዝዞ ይጣመማል። ብረቱ አንድ ነው። የለያያቸው ከእሳቱ ጋር ያሳለፉት ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ተነክሮ እንደወጣ ወደ ሥራ የተላከ ነው። ሁለተኛው ወይ ሙቀቱ ሳይበቃው ተነክሯል፣ ወይ ከተነከረ በኋላ ተመልሶ ከልክ በላይ ሞቋል። ቴምፐሪንግ የሚባለው ሥራ በእነዚህ በሁለቱ ጥፋቶች መሀል ያለውን ቦታ ማግኘት ነው።

ጋራዥ ውስጥ «ቴምፐር አድርገው» ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው «አጠንክረው» እንደተባለ ነው። የሚያጠነክረው ግን ንከራው ነው፣ ማለትም የጋለውን ብረት በድንገት ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ መክተቱ፤ ቴምፐሪንግ፣ የተነከረውን መልሶ ማሞቁ፣ ጥንካሬውን ይቀንሳል። ሆን ተብሎ፣ በልክ ይቀንሰዋል፣ በምትኩም ብረቱ ምት እንዲችል ያደርገዋል። ከሁለቱ ጋር የሚምታታው ሦስተኛው ሥራ አኒሊንግ ነው፦ ብረቱን በደንብ አግሎ ደረቅ አመድ ውስጥ መቅበርና እስኪነጋ በዝግታ እንዲቀዘቅዝ መተው። አኒል የተደረገ ብረት ሞረድ ይቆርጠዋል፣ ትራፓኖ ይበሳዋል፤ ስለት ግን አይይዝም።

ከዚህ በኋላ «ጥንካሬ» የምንለው ላለመቧጨርና ላለመደንዘዝ ያለውን አቅም ነው። «ጽናት» የምንለው ደግሞ ሳይሰበር ምትን የመሸከም አቅሙን ነው። የሙቀት ሕክምና ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ሁለቱ አብረው ስለማይጨምሩ ነው።

ንከራው ብረቱ ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንይ። አረብ ብረት የምንለው በውስጡ ጥቂት ካርቦን ያለበት ብረት ነው፤ ለስለት መሣሪያ የሚሆነው ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ገደማ ካርቦን ይይዛል። በተራ ሙቀት የብረት አቶሞች የተደረደሩበት መንገድ ለካርቦን ቦታ የለውም፤ ብረቱ ሊያሟሟው የሚችለው ከ0.02 በመቶ አይበልጥም። የተረፈው ካርቦን ከብረት ጋር ተዋህዶ ሴሜንታይት የሚባል ጠንካራ ውህድ እየሆነ በቀጫጭን ንብርብር ይቀመጣል። ሙቀቱ 727 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ግን አደራደሩ ይለወጣል። ኦስቴናይት የሚባለው አዲሱ አደራደር ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ ካርቦኑን ውጦ ያሟሟዋል። በዝግታ ከቀዘቀዘ ካርቦኑ ጊዜ አግኝቶ ይወጣል፣ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። በድንገት ከተነከረ ግን መውጫ አያገኝም። አቶሞቹ ወደ ቀድሞው አደራደር ሊመለሱ ሲሉ የታሰረው ካርቦን ወደ አንድ አቅጣጫ ይለጥጣቸዋል። ይህ የተወጠረ ብረት ማርቴንሳይት ይባላል። 0.8 በመቶ ካርቦን ያለው ብረት ተነክሮ እንደወጣ ሮክዌል ሲ በሚባለው የጥንካሬ መለኪያ 65 ገደማ ይደርሳል፤ አዲስ ሞረድ ላዩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይነክሰውም።

ማርቴንሳይት ሲፈጠር ብረቱ በመጠን በትንሹ ይሰፋል። ላዩ ቀድሞ ቀዝቅዞ ደርቋል፤ ውስጡ ዘግይቶ ሲለወጥ ይገፋዋል። በንከራ ባልዲ አጠገብ የሚሰማው ያ ቀጭን «ጭው» የሚል ድምፅ የዚህ ግፊት ውጤት ነው፤ ከተሰማ በኋላ መፍትሔ የለውም፣ መሣሪያው ተሰንጥቋል። አንዳንዴ ስንጥቁ ወዲያው አይመጣም። ተነክሮ በጠረጴዛ ላይ ያደረ ቢላ ማንም ሳይነካው ሌሊት ሊሰነጠቅ ይችላል። «ነገ ቴምፐር እናደርገዋለን» ማለት የማይሠራው ለዚህ ነው። እጅ ሊይዘው እስኪችል፣ ማለትም 50 ወይም 60 ዲግሪ ገደማ እስኪሆን እንደቀዘቀዘ ወደ ቴምፐሪንግ ይገባል።

ቴምፐሪንጉ ለታሰረው ካርቦን ጥቂት መንቀሳቀሻ መስጠት ነው። በ150 እና በ200 ዲግሪ መካከል የካርቦኑ ከፊል ከአቶሞቹ መሀል ወጥቶ በማይክሮስኮፕ እንኳ በቀላሉ የማይታዩ ቅንጣቶች ይሠራል፤ ውጥረቱ ይላላል፣ ጥንካሬው ግን ብዙም አይወርድም። ሙቀቱ ከፍ ባለ ቁጥር ቅንጣቶቹ ያድጋሉ፣ ብረቱም እየለሰለሰ ይሄዳል። ከላይ የጠቀስነው ባለ 0.8 በመቶ ብረት በ200 ዲግሪ ወደ 60፣ በ300 ወደ 55 ገደማ ይወርዳል። ከ65 ወደ 60 የወረደው አምስት ነጥብ ትንሽ ይመስላል፤ በሥራ ላይ ግን የሚሰበርን መሣሪያ ከማይሰበር የሚለየው እሱ ነው።

ባለሙያዎች ይህን ሁሉ ሳያውቁ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሠርተውበታል። በጥንታዊው ግሪካዊ ባለቅኔ በሆሜር ኦዲሴ ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ አንጥረኛ የጋለ መጥረቢያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲነክር የሚሰማው ጩኸት ተጠቅሷል፤ የብረት ብርታት ከዚያ እንደሚመጣም አብሮ ተነግሯል። በአንደኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሮማዊው ፕሊኒ ደግሞ ቀጫጭን መሣሪያዎች በውሃ ምክንያት ተሰባሪ እንዳይሆኑ በዘይት ይነከሩ እንደነበር ጽፏል። ዛሬም ምክሩ ይኸው ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ቴዎፊሎስ የተባለ መነኩሴ ለሞረድ ማጠንከሪያ የፃፈው ይበልጥ ይገርማል፦ የበሬ ቀንድ አቃጥሎ ሁለት እጅ ከአንድ እጅ ጨው ጋር በጋለው ብረት ላይ መነስነስ፤ ለመሣሪያ ንከራም ሦስት ቀን ጾሞ ከዚያ ፈርን የተባለውን ተክል ብቻ የበላ ፍየል ሽንት ወይም የቀይ ጠጉር ልጅ ሽንት። ስለ ልጁ ጠጉር የሚባል ነገር የለም፤ ቀሪው ግን እንደሚመስለው ከንቱ አይደለም። የተቃጠለ ቀንድ ካርቦንና ናይትሮጅን ለብረቱ ላይ ይሰጣል፣ ሽንት ደግሞ ጨዋማ ውሃ ስለሆነ ከንፁህ ውሃ ቶሎ ያቀዘቅዛል።

ቃሉ ራሱ የመጣው በልክ መቀላቀልና ማመጣጠን ከሚል የላቲን ግሥ ሲሆን በድሮ የእንግሊዝ አንጥረኞች ዘንድ ንከራውንም መልሶ ማሞቁንም አንድ ላይ ይጠራ ነበር። የዛሬው መምታታት አንዱ ምንጭ ይህ ይመስላል።

ሳይንሱ የገባው ዘግይቶ ነው። ፈረንሳዊው ሬዎሙር በ1722 ባሳተመው ሥራ ብረት ሲነከር «ጨውና ድኝ» በውስጡ ቦታ ይለውጣሉ ብሎ ነበር። ቁሱን ተሳስቷል፤ ሀሳቡ ግን የሚደንቅ ነው፣ አንድ ነገር በሙቀት ቦታ ቀይሮ በንከራ እዚያው ይታሰራል ማለቱ ነበርና። ያ ነገር ካርቦን መሆኑን ቫንደርሞንድ፣ ሞንዥ እና ቤርቶሌ በ1786 አሳወቁ። በ1860ዎቹ እንግሊዛዊው ሶርቢ በሼፊልድ የተወለወለና በአሲድ የተነካ ብረትን በማይክሮስኮፕ ማየት ጀመረ። በ1868 ደግሞ በሴንት ፒተርስበርግ ኦቡኾቭ ፋብሪካ የመድፍ ብረት የሚመረምረው ዲሚትሪ ቼርኖቭ ወሳኙን ነገር አስቀመጠ፦ ብረቱ ከአንድ የተወሰነ ሙቀት ካላለፈ የፈለገውን ያህል ቶሎ ቢቀዘቅዝ አይጠነክርም። ማርቴንሳይት ስሙን ያገኘው በ1890ዎቹ ከጀርመናዊው አዶልፍ ማርተንስ ነው፤ ካርቦኑ አደራደሩን ለጥጦ መያዙ በኤክስሬይ የተረጋገጠው ግን በ1926 ነው።

የቼርኖቭ ነጥብ ዛሬም ትንንሽ ወርክሾፖች ውስጥ ተደጋግሞ የሚሳተው ነው። ማግኔት ይረዳል። ብረት በ770 ዲግሪ ገደማ ማግኔት መሳብ ያቆማል፤ ስለዚህ የጋለው ብረት ማግኔት አልያዝ ሲል ጥቂት ጨምሮ፣ ቀለሙ ከቀይ ወደ ብርቱካናማ መሄድ ሲጀምር፣ መንከር ነው። ይህን በጥላ ውስጥ ነው የሚያዩት፤ ፀሐይ ላይ 900 ዲግሪ የደረሰ ብረት ደብዛዛ ቀይ መስሎ ይታያል። ከልክ በላይ ማሞቅም የራሱ ቅጣት አለው፦ የብረቱ ጥራጥሬ፣ ማለትም ብረቱ የተሠራባቸው ደቃቅ ክሪስታሎች፣ ያድጋል፣ ሲሰበር ስብራቱ አሸዋ የተረጨበት ይመስላል። በትክክል የተነከረ ብረት ስብራቱ ደቃቅና ግራጫ ነው። ጥርጣሬ ካለ ከዚያው ብረት ትንሽ ቁራጭ ነክሮ ሰብሮ ማየት ከሁሉ የረከሰ ፈተና ነው።

አሁን የብዙ ቢላና የእርሻ መሣሪያ እናት ወደሆነው ባሌስትራ እንምጣ። የመኪና ባሌስትራ ብዙውን ጊዜ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ከክሮሚየምና ማንጋኒዝ ወይም ከሲሊከን ጋር አለው። ፋብሪካው ራሱ ነክሮ በከፍተኛ ሙቀት ቴምፐር አድርጎታል፤ ጥንካሬው 45 አካባቢ ነው፣ ለመለጠጥ እንጂ ለስለት አይደለም። ቢላ ለማድረግ ከተቀጠቀጠ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ አግሎ በአየር ማቀዝቀዝ የመቀጥቀጡን ውጥረት ያወጣል። ከዚያ ሞርዶ ቅርፁን ማውጣት፤ ስለቱን ግን ቢያንስ የአንድ ሚሊሜትር ተኩል ውፍረት ይተዉለት፣ ቀጭን ስለት በንከራ ይጣመማል ወይ ይሰነጠቃል። 830 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ በሞቀ የምግብ ዘይት ይነከራል። ዘይቱ የሚሞቀው እንዲቀጥንና ብረቱን በደንብ እንዲያጥበው ነው፤ ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ያዘገያል። ይህን ብረት በውሃ መንከር አያስፈልግም፣ ክሮሚየሙ ዝግ ባለ ማቀዝቀዝም እንዲጠነክር አድርጎታልና፤ በውሃ የነከረው ሰው ስንጥቅ ነው የሚያተርፈው። ቢላው ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ወደፊትና ወደኋላ ይንቀሳቀሳል። ወደ ጎን ከተወዛወዘ አንዱ ጎን ቀድሞ ቀዝቅዞ እንደ ቀስት ይጎብጣል።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት በነፃ ስለሚገኝ ብዙዎች ይወዱታል። ጭሱ እርሳስና ሌላ ብረት ሊኖረው ስለሚችል ለሳንባ አይመከርም። የትኛውም ዘይት ቢሆን በብረት ዕቃ ይሁን፣ የብረት ክዳን አጠገቡ ይኑር፣ ጠብታ ውሃ አይግባበት። ዚንክ የተቀባ ብረት ደግሞ ጨርሶ እሳት ውስጥ አይገባም።

ከዘይት እንደወጣ በሞረድ ጫፍ ይፈተናል። ሞረዱ ከነከሰው ንከራው አልተሳካም፤ ቴምፐሪንግ ውስጥ ማስገባት ጊዜ ማባከን ነው፣ ወደ እሳት ይመለስ። ከተንሸራተተ ተጠርጎ 200 ዲግሪ በሆነ ምድጃ ሁለት ሰዓት ይቆያል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ሁለት ሰዓት። ሁለተኛው ዙር ቅንጦት አይደለም፦ በንከራው ሳይለወጥ የቀረ ኦስቴናይት በመጀመሪያው ዙር ማግስት ወደ አዲስ፣ ተሰባሪ ማርቴንሳይት ሊለወጥ ይችላል፤ ሁለተኛው ዙር እሱን ያላላዋል። የወጥ ቤት ምድጃ ቁልፍ የሚያሳየው ቁጥር በብዙ ዲግሪ ሊሳሳት ስለሚችል ቴርሞሜትር ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል። ምድጃ ከሌለ በብረት ድስት ከሦስት እስከ አራት ሳንቲሜትር ደረቅ አሸዋ አድርጎ በከሰል ማሞቅና ቢላውን ጀርባውን ወደታች አሸዋው ውስጥ ማቆም ይቻላል።

በአሸዋው ዘዴ ዓይን የሚመራበት ቀለም ነው። የተወለወለ ብረት ሲሞቅ ላዩ ላይ እጅግ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይበቅላል፤ ሽፋኑ እየወፈረ ሲሄድ ብርሃን በላዩና በሥሩ እየተንፀባረቀ የተለያየ ቀለም ያሳያል። በ205 ዲግሪ ገደማ ፈዛዛ የገለባ ቀለም ይመጣል፣ በ230 ገለባው ይደምቃል፣ በ255 ቡናማ፣ በ275 ወይን ጠጅ፣ በ295 ጥቁር ሰማያዊ፣ ከ310 በላይ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ከዚያም ግራጫ። መፋቂያና መቅረጫ በፈዛዛ ገለባ ይቆማል፤ ቢላ በገለባና በቡናማ መሀል፤ መጥረቢያና የብረት መሮ በወይን ጠጅ፤ ስፕሪንግ በሰማያዊ።

የቀለም ሰንጠረዡን እንደ ሕግ የሚያዩ ሰዎች ግን ይሳሳታሉ። ቀለሙ የሚናገረው ስለ ላዩ ሽፋን ነው፣ ሽፋኑም ከሙቀት ጋር ጊዜንም ይቆጥራል፦ በ200 ዲግሪ ሰዓታት የቆየ ብረት በ230 ለደቂቃ የቆየውን ሊመስል ይችላል። ክሮሚየም የበዛበት የማይዝግ ብረት ያንኑ ቀለም የሚያሳየው ብዙ ዲግሪ ዘግይቶ ነው። የእጅ ቅባት ያለበት ቦታም ውሸት ይናገራል። ሌላም አለ፦ ሰማያዊ ቀለም ብረቱ ተነክሮ እንደነበር ምስክር አይሆንም፤ ያልተነከረ ሚስማርም ሲሞቅ ሰማያዊ ይሆናል።

ለመሮ ግን በአንድ እሳት ሁለቱንም መጨረስ ይቻላል፤ የቆየ ዘዴ ነው። ከጫፉ ከ6 እስከ 7 ሳንቲሜትር ይግላል፤ ከዚያ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትሩ ብቻ ውሃ ውስጥ ገብቶ ከፍ ዝቅ ይላል። ከፍ ዝቅ ማለቱ ግዴታ ነው፣ በአንድ መስመር ከቆመ ስንጥቁ በዚያ የውሃ መስመር ላይ ይወጣል። ጫፉ ሲጠቁር ይወጣና በድንጋይ ቁራጭ ፈጥኖ ይፈገፈጋል። ከኋላው የቀረው ሙቀት ወደ ጫፉ መሄድ ይጀምራል፦ መጀመሪያ ገለባው ይታያል፣ ቡናማው ይከተላል፣ ከዚያ ወይን ጠጁ። ወይን ጠጁ ስለቱ ላይ ሲደርስ ሙሉው ይነከራል። ጠቅላላው ከግማሽ ደቂቃ ላይበልጥ ስለሚችል ድንጋዩ ቀድሞ እጅ ላይ ይሁን። በመዶሻ የሚመታው ራስ ግን ፈፅሞ ግሎ አይነከርም፤ ጠንካራ ራስ ስንጥር ወደ ዓይን ይወረውራል። ለስላሳው ራስ በጊዜ ብዛት ተደፍጥጦ እንደ እንጉዳይ ሲገለበጥ በግራይንደር ይስተካከላል።

ግራይንደር ካነሳን፦ የተጠናቀቀን መሣሪያ የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ስለቱ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ከታየች ያ ቦታ 300 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል፣ ለስልሷል። ፈጥኖ ውሃ ውስጥ መንከር አይመልሰውም፣ ሰማያዊውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ማጥፋትም ገበያን ማታለል ነው። የለሰለሰውን ሞርዶ ማውጣት ብቻ ነው ያለው።

ሙቀት በጨመረ ቁጥር ጽናት ይጨምራል የሚለው ደንብም ቀጥ ያለ አይደለም። ከ260 እስከ 370 ዲግሪ ባለው ክልል ብዙ ብረቶች ለስልሰውም ምት መቻል ያቅታቸዋል፤ ሴሜንታይቱ በማይመች ቦታ በስስ ንጣፍ ስለሚቀመጥ ነው። ባሌስትራ ከ400 ዲግሪ በላይ ቴምፐር የሚደረገው፣ ቢላ ደግሞ ከ250 በታች የሚቆመው መሀሉን ለመዝለል ነው። ክሮሚየምና ኒኬል ባላቸው ብረቶች ከ375 እስከ 575 ዲግሪ ሌላ ተመሳሳይ ወጥመድ አለ፤ ፎስፎረስና መሰሎቹ በጥራጥሬው ድንበር ይከማቻሉ። እንዲህ ያለው ብረት ከዚያ በላይ ቴምፐር ተደርጎ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል።

ፈጣን መቁረጫ ብረት ደግሞ ደንቡን ይገለብጠዋል። በ1900 የፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ ቴይለርና ዋይት ያሳዩት፣ ቤተልሔም ስቲል ከተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የመጣ የቶርኖ ቢላ ጫፉ ቀልቶ እያለ ብረት ይቆርጥ ነበር። ምክንያቱ በውስጡ ያለው ተንግስተን ነው፦ በ550 ዲግሪ ገደማ ቴምፐር ሲደረግ አዳዲስ ደቃቅ ካርባይዶች (ጠንካራ የካርቦን ውህዶች) ስለሚወለዱ ጥንካሬው እንደገና ይጨምራል።

ቃሉ ከብረት ውጭም ይሰማል። የስልክ ስክሪን ላይ የሚለጠፈው «ቴምፐርድ» መስታወትና የመኪና የጎን መስኮት ግን ተመልሰው የሞቁ አይደሉም፤ እንዲያውም የተነከሩ ናቸው። የመኪናው መስታወት ከ600 ዲግሪ በላይ ሞቆ በአየር ግፊት ላዩ ፈጥኖ ይደርቃል፤ ውስጡ ዘግይቶ ሲኮማተር ላዩን ይጨምቀዋል፣ ለዚህ ነው ሲሰበር የሚፈረፍረው። የስልኩ ደግሞ ብዙ ጊዜ በቀለጠ የፖታሲየም ጨው ተነክሮ በኬሚካል የተጨመቀ ነው።

በግንባታ ቦታ ያለው ፌሮም ብዙው ቴምፐር የተደረገ ነው፣ ማንም ባያስበውም። ከመዳመጫው ወጥቶ 1000 ዲግሪ አካባቢ እያለ በውሃ ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ ላዩ ይነከራል፣ ከውስጥ የሚወጣው ሙቀት ደግሞ ያንኑ ላዩን በ600 ዲግሪ ገደማ ቴምፐር ያደርገዋል። ተቆርጦ ተወልውሎ አሲድ ሲነካው ዙሪያው ጥቁር ቀለበት፣ መሀሉ ፈዛዛ ሆኖ ይታያል። አቅሙ ያለው በዚያ ቀለበት ስለሆነ ለማጠፍ ብሎ በእሳት ማጋል ያጠፋዋል። ካርቦኑ 0.2 በመቶ አካባቢ ስለሆነም ቢላ አይወጣውም፣ የፈለገውን ያህል ቢነከር።

የባሌስትራ ብየዳም በዚሁ ሕግ ሥር ይወድቃል። ስንጥቁ በኤሌክትሮድ ሲበየድ ከብየዳው አጠገብ ያለው ስስ መስመር ከ800 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ የቀረው ቀዝቃዛ ብረት ወዲያው ሙቀቱን ይጠጣዋል። ውሃ ሳይነካው ተነከረ ማለት ነው። ቴምፐር ያልተደረገ ማርቴንሳይት እዚያ ይቀመጣል፣ ከጎኑ ደግሞ ከልክ በላይ የለሰለሰ ሌላ መስመር። መኪናው ጭነት ይዞ ሲንገጫገጭ የሚሰበረው ብየዳው ራሱ ሳይሆን ከብየዳው ጥቂት ሚሊሜትር ራቅ ብሎ ነው። ቀድሞ 250 ዲግሪ አካባቢ አሙቆ መበየድና በኋላም አሸዋ ውስጥ በዝግታ ማቀዝቀዝ ስንጥቁን ይቀንሳል፤ የለሰለሰውን መስመር ግን የሚመልሰው ሙሉውን ቅጠል እንደገና ነክሮ ቴምፐር ማድረግ ብቻ ነው። ያንን ማድረግ ለማይችል ጋራዥ ቅጠሉን መቀየር ይሻላል።